የጧፍና የሻማ ነገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከአድማጮቻችን አንዱ፣ ነጩ ሻማ በየሱቁ በቀላሉ ሲገኝ ጧፍ ፍለጋ መድከም ለምን ያስፈልጋል? ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለምና የመብራቱን ታሪክ ከሥሩ ጀምረን እንመልከት።

በደብተራ ኦሪት ይነድ የነበረው ሰም አልነበረም። ሙሴ ያሠራው ሰባት መብራት ያለው መቅረዝ የሚበራው ተወቅጦ በተጠለለ ጥሩ የወይራ ዘይት እንደ ነበረ በኦሪት ዘፀአት ተጽፎአል። በክርስትና ዘመን ግን የሰም መብራት ከዘይቱ ጎን ቆመ። በ406 ዓመተ ምሕረት ገደማ (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቪጊላንጥዮስ የተባለ ካህን በቀን ብርሃን ሰም ማብራትን ነቅፎ ነበር። በቤተ ልሔም ይኖር የነበረው ሊቁ ሄሮኒሞስም ሲመልስለት፣ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ወንጌል በሚነበብበት ጊዜ ፀሐይ ሳለች እንኳ መብራት እንደሚበራ፣ ይህም ጨለማን ለማራቅ ሳይሆን ደስታን ለመግለጥ እንደ ሆነ አስረዳ። እኛም ዘንድ በቅዳሴ ወንጌል ሲነበብ ዲያቆኑ መብራት ይዞ ይቆማል።

የእኛ ጧፍ የሚሠራው ከሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከጥጥና ከሰም። የተፈተለው ክር ይደረብና በቀለጠ ሰም ውስጥ እየተነከረ ይወጣል፤ ሰሙ ሳይደርቅ በእጅ እየታሸ ይለሰልሳል። ፈታይዋ፣ ንብ አርቢውና ጧፍ ሠሪው ሦስቱም በአንዲት ጧፍ ላይ ድካማቸውን አኑረዋል። ከሁሉ ይልቅ የደከመችው ግን ንቢቱ ናት። ሰሙን ከአበባ አትለቅመውም፤ ከሆዷ በታች ካሉ ዕጢዎች እንደ ቅርፊት እየሆነ ይወጣል እንጂ። አንድ ኪሎ ሰም እስኪሠሩም ድረስ ንቦች ብዙ ኪሎ ማር ይበላሉ። ሰም የሚቀልጠው ሙቀቱ 60 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ስለ ሆነ፣ ጧፍ በቆላ አገር እንኳ በቀላሉ አይፈስም። (አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ሠርቶ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣም በስፍራው ወርቅ ያፈስስበታል። የቅኔ ተማሪ «ሰምና ወርቅ» የሚለውም ከዚሁ ነው።)

የአውሮፓን ነገር የማነሣው ነጩ ሻማ በዚያ ስለ ተወለደ ነው። በዚያ አገር ሰም የሚያበሩት አብያተ ክርስቲያናትና ባለጸጎች ነበሩ፤ ድኻው ከከብትና ከበግ ሞራ የተሠራውን ያነድ ነበር። እርሱም ይከረፋል፣ ይጨሳል፣ ክሩም በየጊዜው ካልተቆረጠ ደኅና አይበራም። እንግሊዞች ይህንኑ እንኳ አላለፉትም፤ ከ1709 እስከ 1831 ድረስ በሻማ ላይ ቀረጥ ስለ ጣሉ፣ ድኻው ያለ ፈቃድ በቤቱ ሻማ መሥራት ተከልክሎ ነበር። ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ የሞራን ጠባይ መርምሮ በ1823 መጽሐፍ አወጣ፤ በ1825ም ከጌ ሉሳክ ጋር ሆኖ ከሞራ ስለሚወጣው ስቴአሪን ስለሚባለው ጠንካራ ነገር የባለቤትነት መብት ተቀበለ። ይህም ሽታው የቀነሰ ነጭ ሻማ አስገኘ። በ1850 ደግሞ ጄምስ ያንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ከድንጋይ ከሰል ፓራፊን የሚያወጣበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ ፓራፊን የሚገኘው ከነዳጅ ዘይት ነው፤ በዓለም የሚሸጠውም ሻማ አብዛኛው ከእርሱ የሚሠራ ነው።

ሻማ የምንለው ስም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን «ሸምዕ» ማለት ሰም ነው። እንግዲህ ያ ነጭ ሻማ በስሙ ሰም ነኝ ይላል፤ በውስጡ ግን ብዙ ጊዜ አንዲት የሰም ጠብታ የለበትም።

ይህን ስናገር ከመቀነቷ ፈትታ ነጩን ሻማ የገዛችውን ድኻ እናት መንቀፌ አይደለም። ያላትን አምጥታለች፤ የሰጠችውንም የሚያውቅ አምላክ ነው። የምነቅፈው ፓራፊንን ወይም ሞራን ከሰም ጋር ደባልቆ ንጹሕ ጧፍ ነው እያለ የሚሸጠውን ነው። እኔ ራሴ በአንድ የትንሣኤ ሌሊት እንዲህ ያለውን ገዝቼ ነበር። ሲነድ የማር ሽታ አልነበረውም፤ ጥቁር ጭሱም የሥዕሉን መጋረጃ አጠለሸው። መጋረጃውን የሰጡት አንዲት መነኵሲት ነበሩና ለእርሳቸው የምመልሰው ቃል አጣሁ። ስለዚህ ጧፍ ስትገዙ አስቀድማችሁ አሽትቱት።

ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነው ሰም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በየቤታችሁ ጠጅ ስትጥሉ በላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ እርሱ ነው። አትድፉት። በውኃ አጥባችሁ፣ በለዘብታ እሳት ከውኃ ጋር አቅልጡት፤ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁም አቀዝቅዙት። ውኃው ከበታች ቀርቶ ሰሙ ከላይ ይረጋል። ያንን ለአጥቢያችሁ ገበዝ ስጡ፤ ጥጡን ደግሞ የሚፈትሉ እናቶች በየሰበካው አሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።