ወግ አጥባቂና ሊበራል የተባሉት ሐሳቦች ከየት መጡ?

 

ከማስተምራቸው ጎልማሶች መካከል አንዲት እናት ባለፈው ሳምንት እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ። «መምህር፣ በሬዲዮ ስለ ውጭ አገር ምርጫ ሲያወሩ አንዱን ‹ወግ አጥባቂ›፣ ሌላውን ‹ሊበራል› ይሉታል። አንዳንዴም ‹ቀኝ› እና ‹ግራ› ይላሉ። ምን ማለታቸው ነው?» እኔም መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም እስክገባ ድረስ ቀኝና ግራ ሲባል የመንገድ ነገር ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አልሳቅሁም። ዛሬ ስለዚሁ እንጨዋወታለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከእንግሊዝ አገር እንጀምር። በ1600ዎቹ ሮበርት ፊልመር የሚባል ሰው፣ የንጉሥ ሥልጣን ከአዳም የወረደ ነው ብሎ ጻፈ። አዳም የልጆቹ ጌታ ነበር፤ ንጉሥም የሕዝብ አባት ነው፤ ልጅ አባቱን ሊሽር አይችልም ማለቱ ነው። መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1680 ነው።

ለዚህ መልስ ከሰጡት ሰዎች ዋናው ጆን ሎክ ነው። ሰው በተፈጥሮው ነጻና እኩል ነው፤ ማንም በሌላው ላይ ጌታ ሆኖ አልተወለደም አለ። ታዲያ መንግሥት ከየት መጣ? ሰዎች ሕይወታችንንና ንብረታችንን ጠብቅልን ብለው፣ ተስማምተው አደራ ሰጡት። አደራ በል ከሆነ ግን ሊሻር ይችላል። ሎክ ይህን መጽሐፍ ያሳተመው በ1689 ነው፤ ስሙን ግን አልጻፈበትም። ዛሬ ሊበራል የሚባለው አስተሳሰብ አንዱ ትልቅ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ያታለልኋችሁ ይመስለኛል፤ ይኸው ስለ ነጻነት የጻፈ ሰው ባሪያ በሚነግድ ኩባንያ ውስጥ የአክሲዮን ድርሻ ነበረው።

በዚያው ዘመን፣ በ1688፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ጄምስ 2ኛ ከአገር ሸሸ። ፓርላማው ዙፋኑን ለዊሊያምና ለሜሪ ሰጠ። ሲሰጥም፣ እኛም ልጆቻችንም ተወላጆቻችንም ለዘለዓለም እንገዛላችኋለን የሚል ቃል በሕግ አሰፈረ። «ለዘለዓለም» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ከመቶ ዓመት በኋላ ትልቅ ጠብ ታስነሳለች።

አሁን ወደ ፈረንሳይ እንሻገር። በ1789 አብዮት ፈነዳ። የሕዝብ ተወካዮች ተሰብስበው፣ ንጉሡ ሕግ መከልከል ይችላል ወይስ አይችልም ብለው ተከራከሩ። ንጉሡ ይችላል የሚሉት ከሰብሳቢው በስተቀኝ ተቀመጡ፤ ተቃዋሚዎቹ በስተግራ። ቀኝና ግራ ማለት ከዚህ የአቀማመጥ ነገር የመጣ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

የእንግሊዝ ሰዎች በዚህ አብዮት ላይ ለሁለት ተከፈሉ። አንድ ሰባኪ፣ ሪቻርድ ፕራይስ፣ በኅዳር 1789 ፈረንሳዮችን አመሰገነ፤ እኛም በ1688 ገዣችንን የመምረጥና የመሻር መብታችንን አስከብረናል አለ። ይህን ሲሰማ ኤድመንድ ቡርክ ተቆጣ። ቡርክ አየርላንድ ተወልዶ በለንደን የፓርላማ አባል የሆነ ሰው ነው። ሕዝብ ጠል ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። በ1775 ለአሜሪካ ሰፋሪዎች ተሟግቷል፤ ሕንድን በዘበዘ ብሎ የእንግሊዙን ገዥ ሄስቲንግስን ለዓመታት ከስሷል። የፈረንሳይ ነገር ግን አስፈራው። በ1790 መጽሐፍ አወጣ።

ቡርክ ነጻነትን ያየው እንደ ርስት ነው። ከአባት የተቀበሉት፣ ለልጅ የሚያስተላልፉት። በሕይወት ያለው ትውልድ ባለአደራ እንጂ ሸጦ ለውጦ የሚበላ ባለቤት አይደለም። አገር የሞቱትም፣ ያሉትም፣ ገና ያልተወለዱትም የሚገኙበት ማኅበር ነው። የአንድ ሰው አእምሮ ትንሽ ነው፤ ብዙ ትውልድ ሞክሮ ያቆየው ልማድ ግን ከአንድ ብልህ ይበልጣል። ጭቃው የረገፈ ቤት ይመረግ፣ ማገሩ የላላም ይጥበቅ፤ ቤቱን ከነመሠረቱ ያፈረሰ ግን ዝናብ ላይ ያድራል እንደማለት ነው። ስለ 1688ም፣ ያን ጊዜ አባቶቻችን አሮጌውን ሕግ አጸኑ እንጂ አዲስ መብት አላወጡም አለ፤ «ለዘለዓለም» የምትለዋንም ቃል ምስክር አድርጎ ጠራት።

ይህን የተናገረው ፈረንሳይ ውስጥ ያ ሁሉ ደም ከመፍሰሱ በፊት ነው። መጨረሻው አንድ የጦር አዛዥ የሁሉ ጌታ መሆን ነው ብሎም ነበር። በ1799 ናፖሊዮን መጣ። በኔ አስተያየት ቡርክ ከተናገረው ሁሉ ሚዛን የሚደፋለት ይህ ነው።

መልስ ለመስጠት ከቀደሙት አንዷ ሜሪ ወልስቶንክራፍት የምትባል ሴት ናት። የቡርክ መጽሐፍ በወጣ ወር ሳይሞላ የሷ ታተመ። በስፋት የተነበበው ግን የቶማስ ፔይን ነው። ፔይን በልጅነቱ ትምህርት ትቶ፣ ከአባቱ ጋር የሴቶችን ወገብ የሚያጠብቅ ልብስ ይሰፋ ነበር። በ1791 የሰው መብት የሚል መጽሐፍ አወጣ። ቡርክን የገጠመውም በዚያችው «ለዘለዓለም» በምትል ቃል ላይ ነው። የሞተ ሰው በሕይወት ያለውን ሊያስር ምን ሥልጣን አለው? ከመቶ ዓመት በፊት የተሰበሰቡ ሰዎች ለራሳቸው ይፈርሙ፤ ገና ባልተወለደ ሰው ስም ማን ወከላቸው? እያንዳንዱ ትውልድ ለራሱ የመወሰን መብት አለው አለ።

እንግዲህ የጠቡ ልብ ይህ ነው።

የመጀመሪያው የፔይን መጽሐፍ ዋጋ 3 ሺልንግ ነበር። ድሃ አይገዛውም። በ1792 ግን ሁለተኛው ክፍል ወጣ፤ ቀጥሎም በ6 ሳንቲም፣ ማለት በግማሽ ሺልንግ፣ በርካሽ ታተመ። በዚያው ዓመት መንግሥት ፔይንን ከሰሰ። ዐቃቤ ሕጉ በችሎት የተናገረው ይደንቃል። የመጀመሪያውን ዝም ያልሁት አስተዋይ ሰዎች ብቻ ያነቡታል ብዬ ነው፤ አሁን ግን በሁሉም ሰው እጅ ገባ፣ የልጆች ጣፋጭ እንኳ ይጠቀለልበታል አለ። ጥፋቱ መጻፉ ብቻ ሳይሆን መነበቡም ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ቶማስ ሃርዲ የሚባል ጫማ ሰፊ ማኅበር አቋቁሞ፣ አባሎቹ በሳምንት አንድ አንድ ሳንቲም እያዋጡ በፖለቲካ ጉዳይ ይነጋገሩ ነበር። ቡርክ ተራውን ሕዝብ በአሳማ መንጋ መስሎት ስለነበር፣ ቶማስ ስፔንስ የተባለ መጽሐፍ ሻጭ በ1793 ለድሆች ያወጣውን መጽሔት የአሳማ ምግብ ብሎ ሰየመው።

ፔይን ፍርዱ ሲሰጥ ፈረንሳይ አገር ነበር። እዚያም የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ንጉሡ ይሙት ሲባል ግን፣ ዙፋኑ ይውደም፣ ሰውየው አይገደል ብሎ ተከራከረ። በ1793 መጨረሻ አብዮተኞቹ አሰሩት፤ ለአሥር ወር ያህል በእስር ቤት ቆየ።

ሎክም ቡርክም በዘመናቸው «ሊበራል» ወይም «ወግ አጥባቂ» የሚባል ፓርቲ አያውቁም። ሊበራል የሚለው ቃል የፖለቲካ ወገን ስም የሆነው በስፔን፣ በካዲዝ ከተማ፣ ከ1810 በኋላ ነው። ወግ አጥባቂ የሚለውም ሻቶብሪያን የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ በ1818 ካወጣው መጽሔት ስም ተስፋፋ፤ በ1830ዎቹም የእንግሊዝ ፓርቲ መጠሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ትርጉማቸው ብዙ ተቀያይሯል። አሜሪካ ውስጥ ሊበራል የሚባለውና አውሮፓ ውስጥ ሊበራል የሚባለው እንኳ አንድ አይደሉም።

ይህን ሁሉ ለጠያቂዬ እናት ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «እኔ መፈረም የተማርሁት ዘንድሮ ነው፤ እስከዛሬ ጣቴን ቀለም እያስነከሩ ስንት ወረቀት አስፈርመውኛል» አሉ። «የልጅ ልጆቼንም አስሬ ይሆን?»