ስለ አራቱ ጥቃቅን ዕጢዎችና ስለሚወድቁ ሕፃናት

በመስከረም 16 ቀን ደመራ ሲደመር፥ በመስቀል አደባባይ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ቆሞ ሕዝቡን የሚመለከት ሰው አንዳንድ ጊዜ በመካከሉ ሕፃን ሲወድቅ ያያል። እጅና እግሩ ይንዘፈዘፋል፤ ዓይኑ ይገለበጣል። ያን ጊዜ አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል፤ ሌላው «አትንኩት» ይላል፤ ሌላው ያማትባል። ማማተቡ መልካም ነው፤ የክብሪቱ ጢስ ግን አይፈውስም።

የሚጥል በሽታ ሁሉ ምንጩ አንድ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ከምንጮቹ አንዱ ግን በአንገት ውስጥ፥ ከታይሮይድ ዕጢ ኋላ ተሰውረው የሚኖሩ፥ ፓራታይሮይድ የተባሉ፥ እንደ ምስር ፍሬ ያነሱ ዕጢዎች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው።

ታሪካቸው እንግዳ ነው (ዘመኑን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው)። በ1849 በሎንዶን የአራዊት ማኖሪያ አንድ የህንድ አውራሪስ ሞተ፤ ሪቻርድ ኦወን የተባለ ሊቅ ሬሳውን ሲመረምር ዕጢውን አገኘ። ከዚያን ያህል አውሬ ይህን የሚያህል ነገር ለይቶ ማየቱ ይደንቃል። በሰው ላይ ያገኛቸው ግን በስዊድን አገር በኡፕሳላ የሕክምና ተማሪ የነበረው ኢቫር ሳንድስትሮም ነው፤ በ1880 ጽፎ አሳተመ፤ ልብ ያለው ሰው ግን ጥቂት ነበር። በ1889 ሲሞት የዕጢዎቹ ሥራ ገና አልታወቀም ነበር።

በ1909 በባልቲሞር ማክካሉምና ፈግትሊን፥ ዕጢዎቹ የወጡላቸው እንስሳት ሲንዘፈዘፉ ካልሲየም ቢሰጧቸው እንደሚተዋቸው አሳዩ። ካልሲየም በአጥንትም በኖራም ውስጥ ያለ ነገር ነው። ዕጢው ሲደክም ካልሲየም ከደም ይጐድላል፥ ፎስፌትም ይበዛል፤ ከዚህ የተነሣ ሁለቱ ተጣብቀው በአንጎል ውስጥ እንደ ጠጠር ይረጋሉ። በቅኔ ቤት ላደገ ሰው ይህ ሰምና ወርቁ የተጣላ ይመስላል፤ በደም የጐደለው በአንጎል ተረፈ። ኢተንና ሄይንስ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1939 ይህን ጠጠር በራጅ አይተው፥ በአንጎል ግራና ቀኝ ተካክሎ መቀመጡን ጻፉ። ከ1971 ወዲህም ሲቲ ስካን የሚባለው መሣሪያ ከራጅ ይልቅ አጥርቶ ያሳያል።

አንዳንዱ ሕፃን ዕጢው ሳይሟላ ይወለዳል፤ በሌላው የገዛ አካሉ ዕጢውን ይዋጋዋል፤ እንቅርት ሲወጣም ዕጢዎቹ አብረው የሚጐዱበት ጊዜ አለ። የሚያሳዝነው፥ የደሙ ካልሲየም አንድ ቀን እንኳ ሳይለካ ለብዙ ዓመት የሚጥል በሽታ መድኃኒት ብቻ ሲውጥ የሚኖረው ልጅ ነው። ካልሲየምና ተገቢው ቪታሚን ዲ ቢሰጠው መውደቁ ሊተወው ይችላል። (መጠኑን ሐኪም ይወስናል፤ ከበዛ ኩላሊት ይጐዳል።) በአንጎል የረጋው ጠጠር ግን አንድ ጊዜ ከተቀመጠ ብዙውን ጊዜ አይጠፋም፤ ስለዚህ መዘግየቱ ዋጋ አለው።

ሕፃናቸውን ይዘው ወደ ጠበል የሚሄዱ ወላጆች ካህኑን ምክር ይጠይቃሉ። አስቀድሞ ደሙን አስመርምሩ ብሎ መምከርን የሚከለክል ቀኖና እኔ አላነበብሁም።