የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ በሸገር ከተማ

ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ገላንና ኮዬ ፈጬ ተጠቃልለው የተመሠረተ፣ አዲስ አበባን ዙሪያዋን የከበበ የኦሮሚያ ክልል ከተማ ነው። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ። ማንም ሰው ከፍሎ የሚጠቀምባቸው ፈጣን የቻርጅ ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙት በዋና ከተማዋ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሸገር አንድ ባለመኪና የት ቻርጅ እንደሚያደርግ የሚወስነው በአብዛኛው የሚኖርበት ቤት ዓይነት ነው።

ታሪክ

መንግሥት በ2022 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቁ። መኪናው ከጣቢያው ቀድሞ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፈጣን ጣቢያ ከፍቷል፤ ክፍያውም በቴሌብር ይፈጸማል።

ቤትና ቆጣሪ

ግቢ ያለው ሰው ከራሱ ቆጣሪ ገመድ ስቦ ሌሊቱን ቻርጅ ያደርጋል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪን ከ20 በመቶ ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 36 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በ220 ቮልትና በ10 አምፔር ተራ ሶኬት ይህ ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በ7 ኪሎዋት የግድግዳ ቻርጀር 5 ሰዓት ያህል ሲወስድ፣ በ60 ኪሎዋት ፈጣን ጣቢያ 40 ደቂቃ ገደማ ይበቃል።

እንደ ኮዬ ፈጬ ባሉ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ነገሩ ይለያል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ቆጣሪ ቢኖረውም መኪናው የሚቆመው በጋራ ቦታ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያዎች የሁሉም ቤት ባለቤቶች ስለሆኑ፣ ገመድ ለመዘርጋት የጎረቤት ስምምነት ያስፈልጋል። ከመስኮት የሚወርድ ማራዘሚያ ደግሞ በዝናብ ጊዜ አደገኛ ነው፤ ቀጭን ሽቦም ለሰዓታት ከባድ ጭነት ሲሸከም ይግላል። ሕዝባዊ ጣቢያ ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸው እነዚህ ነዋሪዎች ናቸው።

የመሰኪያ ዓይነት

ከቻይና ገበያ በቀጥታ የመጡ መኪናዎች የሚጠቀሙት ጂቢ/ቲ የተባለውን መሰኪያ ነው። በቻይና የተሠሩት የቮልስዋገን አይዲ.4 እና አይዲ.6 ሳይቀሩ ከዚሁ ይመደባሉ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ግን ሲሲኤስ 2 አላቸው፤ ሁለቱ አይገጣጠሙም። በካርታ ላይ የጣቢያ ብዛት ብቻ መቁጠር የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ መሰኪያው ካልገጠመ ጣቢያው ለዚያ አሽከርካሪ እንደሌለ ይቆጠራል።

ዳገትና መብራት

ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ የሚወስደው መንገድ የእንጦጦን ዳገት ያቋርጣል። 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በየ100 ሜትር ከፍታው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ኃይል ያወጣል። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ከፊሉን ይመልሳል፤ ባትሪው ከላይ ሙሉ ከሆነ ግን የተመለሰው ኃይል የሚገባበት ቦታ የለም።

የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የሰፈር ትራንስፎርመር ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ አምስት የ60 ኪሎዋት ቻርጀሮች አብረው ሲሠሩ ብቻ 300 ኪሎዋት ይጠይቃሉ። መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተር ወይም የራሱ ማጠራቀሚያ ባትሪ የሌለው ጣቢያ ሥራ ያቆማል።