57 ቁጥር ሴት አይጥ

ሂሳቡ ቀላል ነው። ኮርን ስኔክ የሚባለው፣ አሜሪካ ውስጥ በየቤቱ በብዛት የሚቀለበው መርዝ የሌለው ቀላ ያለ እባብ፣ ካደገ በኋላ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ትልቅ አይጥ ይበቃዋል። በዓመት ቢበዛ 52 መሆኑ ነው። አንዲት ሴት አይጥ ደግሞ 20 ቀን ያህል ታረግዝና በአንዴ ከስድስት እስከ ስምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች። በወለደች በአንድ ቀን ውስጥ ተመልሳ ማርገዝ ትችላለች። ልጆቿ በሦስት ሳምንታቸው ጡት ይጥላሉ፤ በስድስት በሰባት ሳምንታቸው ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። እንግዲህ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ይዞ የጀመረ ሰው የሚቸገረው በእጥረት አይደለም፤ በትርፍ ነው።

(አማርኛችን ለትንሿም ለትልቋም «አይጥ» ስለሚል አስቀድሜ ልለይ፦ የማወራው ስለ ትንሿ የቤት አይጥ ነው። አይጠ መጎጥ የራሱ ታሪክ አለው። ዓመቶቹም በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ይሄን ሂሳብ የነገረኝ ቤት የምጋራው ልጅ ነው። ምድር ቤታችን ውስጥ ሁለት እባቦችና ሰጋቱራ የተነጠፈባቸው አራት የፕላስቲክ ሣጥኖች አሉት። ሣጥኖቹ የእባቦቹ ጓዳ ናቸው። እናቴ በስልክ ስትሰማ «በስመ አብ! ከእባብ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር?» አለች። እኔን የያዘኝ ግን እባቡ ሳይሆን ከሣጥኖቹ በላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው፦ የጥንዶቹ ቁጥር፣ የወለዱበት ቀን፣ ስንት ተወለዱ፣ ስንቱ ጡት ጣለ፣ ስንቱ ሞተ። ለመበላት የሚወለድ ፍጥረት እንዲህ ይመዘገባል? ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይ መነሻውን ሳልፈልግ አላድርም። ፍለጋው ያደረሰኝ ደግሞ ማንም የላቦራቶሪ ነው ከሚለው የአይጥ ታሪክ ጀርባ ወዳለ የገጠር ጓሮ ነው።

አይጥ ወደ እኛ የመጣችው ተጋብዛ አይደለም። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር ጎተራውን ተከትላ ገባች፤ ከእህሉም ጋር መርከብ ተሳፍራ ዓለምን አዳረሰች። ለብዙ ሺህ ዓመት ዝምድናችን የሌባና የባለቤት ነበር። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ስንልም የምናውቃት በዚሁ ጠባይዋ ነው። ሆን ብሎ ለማርባት ሌባዋን ወዶ ማየት ያስፈልጋል።

ጃፓኖች ቀድመው ወደዷት። በ1787 ኪዮቶ ውስጥ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን አይጦች እንዴት አድርጎ ማርባት እንደሚቻል የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ታትሟል። የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ሜንዴል የተወለደው ከዚያ 35 ዓመት ቆይቶ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእስያ አይጦች በነጋዴ እጅ አውሮፓ ገቡ። ከነሱም መካከል «ደናሽ» የሚባሉት፣ በውስጥ ጆሯቸው ጉድለት የተነሳ ክብ እየሠሩ የሚሽከረከሩት፣ ገዢ ቶሎ አገኙ። እንግሊዞቹ እንደ ልማዳቸው ነገሩን በማኅበርና በደንብ አደራጁት፦ ዋልተር ማክሲ የተባለ ሰው በ1895 ብሔራዊ የአይጥ ክበብ አቋቋመ። ዳኛ ተሰየመ፣ ለቀለምና ለጆሮ መለኪያ ወጣ፣ ሽልማት መጣ። ለሽልማት የሚያረባ ሰው ደግሞ የማን ልጅ ከማን እንደተወለደ መጻፍ ግድ ይለዋል።

ሳይንስ ወደዚህ ጨዋታ የገባው በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ሉሲየን ኩኤኖ የሜንዴል ሕግ በአይጥ ላይም እንደሚሠራ በ1902 አሳየ። ብዙም ሳይቆይ ግን ቢጫዎቹ አይጦች ሂሳቡን አበላሹበት፤ ቢጫን ከቢጫ ደጋግሞ ቢያዳቅልም ቢጫ ብቻ የሚወልድ ንጹሕ ዘር ሊያገኝ አልቻለም። ሦስት ለአንድ መምጣት የነበረበት ውጤት ሁለት ለአንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ምክንያቱን በ1910 ያረጋገጡት የሃርቫርዱ ዊልያም ካስልና ተማሪው ክላረንስ ኩክ ሊትል ናቸው፦ የቢጫነቱን ዘር ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሽል ማኅፀን ውስጥ ይሞታል። ግኝቱ የመጣው የሌሉትን በመቁጠር ነው ማለት ነው። ዛሬም ለእባቡ ብሎ የሚያረባ ሰው ሁለት ቢጫ ቢያጣምር አነስ ያለ ውላጅ ነው የሚያገኘው። ወረቀት ከሌለው አያስተውለውም፤ ወረቀት ካለው የ1910ን ጥናት ሳያነብ ይደርስበታል።

ካስል ለምርምሩ አይጥ ይገዛ የነበረው ከማን ነው? ወደ ጓሮው የሚወስደን ይሄ ጥያቄ ነው።

አቢ ላትሮፕ በ1868 ኢሊኖይ ውስጥ ተወለደች። አስተማሪ ነበረች፤ በከባድ የደም ማነስ ሕመም ምክንያት ሥራዋን ተወች። በ1900 አካባቢ ማሳቹሴትስ ውስጥ ግራንቢ ወደምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ሄዳ ዶሮ ለማርባት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከዚያ ሁለት ደናሽ አይጦች ይዛ ለቤት እንስሳነት የሚሸጡ አይጦችን ማርባት ጀመረች። ቀሪውን ሂሳቡ ሠራው። በ1913 ቤቷ ውስጥ ከ11,000 በላይ አይጦች ነበሩ። በእንጨት ሣጥን፣ ጭድ ላይ ያድጋሉ። በወር ከ13 ኩንታል በላይ አጃና ከደርዘን የበለጠ በርሜል ብስኩት ይጨርሳሉ። ሣጥኖቹን የሚያጸዱት በሰዓት ሰባት ሳንቲም የሚከፈላቸው የሰፈር ልጆች ናቸው።

ካስል ከ1902 ጀምሮ ደንበኛዋ ሆነ። ለላትሮፕ ላቦራቶሪው ትርፏን የሚያነሳላት አንድ ሌላ ገበያ ነበር። እሷ ግን ሸጣ የምትረሳ ነጋዴ አልነበረችም፤ ትመዘግባለች። በ1908 አንዳንዶቹ አይጦቿ ቆዳ ላይ እብጠት አየችና ናሙና ለሳይንቲስቶች ላከች። ሊዮ ሎብ የተባለው የበሽታ ተመራማሪ መረመረውና ካንሰር ነው አላት። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለኔ ከሁሉም የሚደንቀው፦ ተመራማሪውና አይጥ ነጋዴዋ አብረው ሠሩ፤ ከ1913 እስከ 1919 ባሉት ዓመታት ዐሥር ያህል ጥናቶች ላይ ስማቸው ጎን ለጎን ወጣ። ዕጢው በአንዳንድ የአይጥ ቤተሰብ ሲበዛ በሌላው እንደሚያንስ አሳዩ። የእንቁላል ማፍሪያዋ የወጣላት ሴት አይጥ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ እንደሚቀንስም አገኙ። ዛሬ የጡት ካንሰርና የሆርሞን ግንኙነት ሲነሳ መሠረቱ ላይ ካሉት ድንጋዮች አንዱ ይሄ ነው። ድንጋዩን ካስቀመጡት ሰዎች አንዷ የሳይንስ ዲግሪ አልነበራትም። የነበራት ሣጥን፣ አጃና ደብተር ነው።

በእኛ ሙያ ሎግ የምንለው ነገር አለ፤ ሲስተሙ የሠራውን ሁሉ በየሰከንዱ የሚጽፍበት መዝገብ። ደህና ቀን ማንም አያነበውም። ነገር የተበላሸ ለት ግን ከሱ ሌላ ምስክር የለም። የላትሮፕ ደብተር ለካንሰር ታስቦ አልተጻፈም፤ ለንግድ ነው የተጻፈው። እብጠቱ ሲመጣ ግን የትኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች መመለስ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር።

ላትሮፕ በ1918 በዚያው በደም ማነስ ሕመሟ ሞተች። ከሦስት ዓመት በኋላ ሊትል ከእሷ መንጋ የመጣች 57 ቁጥር ሴት አይጥን ከ52 ቁጥር ወንድ ጋር አዳቀለ። ልጆቻቸውን ወንድምን ከእህት እያጣመረ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደርብ ሁሉም አባላቱ እንደ መንታ የሚመሳሰሉበት ዘር ተገኘ። ጥቁሮቹ ሲ57 ብላክ ተባሉ። ሊትል በ1929 ሜይን ውስጥ ባር ሃርበር ላይ የጃክሰን ላቦራቶሪን መሠረተ፤ አይጦቹም ከዚያ ወደ ዓለም ተበተኑ። በኦክቶበር 1947 ከተማዋን ያነደደው እሳት ላቦራቶሪውንም በላው፤ 90,000 ከሚሆኑት አይጦች የተረፈ የለም ማለት ይቻላል። ቤቱን እንደገና ያቆሙት ቀድሞ አይጥ የወሰዱ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ከያሉበት የዚያኑ ዘር ልጆች መልሰው ላኩ። በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል የሚለውን ሕግ እኛ ዘንድ የሚማሩት ኮምፒውተር ሲቃጠል ነው። በ2002 ደግሞ ከሰው ቀጥሎ ሙሉ የዘር ካርታዋ የታተመው ሁለተኛ አጥቢ እንስሳ አይጥ ሆነች። የተነበበችው የ57 ቁጥር ተወላጅ የሆነች አንዲት ሴት ናት።

የእባብ ቤቱ ታሪክ የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው። ኮርን ስኔክን ቤት ውስጥ ማርባት የተስፋፋው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ነው። በርናርድ ቤክቴል የተባለ የቆዳ ሐኪም የአልቢኖ እባብ ቀለም እንዴት እንደሚወረስ ያጠናው፣ ልክ እንደ አይጦቹ፣ እያዳቀለ ነው። ከእንቁላል የወጣ የእባብ ልጅ ግን እርሳስ የምታህል ናት፤ ትልቅ አይጥ አትውጥም። ገና ጸጉር ያላበቀለ ቀይ የአይጥ ጨቅላ ያስፈልጋታል። ስለዚህ እባብ ያረባ አይጥም ማርባት ያዘ፤ ወይ ቀዝቅዞ በመጠን የተለየውን ይገዛል። ፈላጊው እየበዛ ሲሄድ ጨቅላው ፒንኪ፣ ጸጉር ማብቀል የጀመረው ፈዚ፣ መዝለል የጀመረው ሆፐር ተባለ። ዕድሜ የዕቃ ቁጥር ሆነ።

የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። እባብ አይጥ ቢበላ ተፈጥሮው ነው፤ ማንም አይፈርድበትም። አይጧን አስወልዶ፣ አሳድጎ፣ ቀኗን ቆርጦ የሚሰጠው ግን ሰው ነው። ሥራውን የሚያውቁት ብዙዎቹ በሕይወት ያለች አይጥ ለእባብ አይጥሉም። አንደኛ፣ የተጨነቀች አይጥ እባቡን ትነክሳለች፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ሁለተኛ፣ ለአይጧም ደግ ሞት አይደለም። ለትልልቆቹ ቀስ እያለ በሚገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሳቸውን እንዲስቱ ይደረጋል። ጨቅላዎቹ ግን ማኅፀን ውስጥ ትንሽ ኦክስጅን ስለለመዱ ጋዙን ለረጅም ጊዜ ይቋቋማሉ፤ በትልቁ ሰዓት የሚገድል ሰው ያልሞተውን ሞተ ብሎ ያነሳል። ደግነትም ልኬት ይፈልጋል።

እንክብካቤውም እንዲሁ ነው። ሰጋቱራው በጊዜው ካልተለወጠ የሽንቱ አሞንያ ሳንባቸውን ያቃጥላል። ጓደኛዬ ወንዱን ከሣጥን ሣጥን አይቀያይርም፤ ሂልዳ ብሩስ በ1959 እንዳሳየችው፣ ገና ያረገዘች አይጥ የባዕድ ወንድ ሽታ ከደረሳት ፅንሱ ሊቋረጥ ይችላል። የግድግዳው ወረቀት እባብ ከመቀለብ ያለፈ ሥራ አለው የምለው ለዚህ ነው። መዝገብ የሌለው ሰው ትርፉ የት እንደሄደ አያውቅም፤ የሞተውንም የተሠቃየውንም አያውቅም። ያልተቆጠረ ነፍስ ደግሞ ሲባክን አይታይም።

ታሪኩ የፈረንጅ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አዲስ አበባ ውስጥ የባህል መድኃኒት ዕፀዋት ወባን ይከላከሉ እንደሆን ሲፈተሽ፣ በሽታውን የሚሸከሙት ብዙውን ጊዜ ስዊስ አልቢኖ የሚባሉ ነጭ አይጦች ናቸው። የአሜሪካው የስዊስ መንጋ የተነሳው ክላራ ሊንች በ1926 ከሎዛን ይዛቸው ከመጣችው ሁለት ወንዶችና ሰባት ሴቶች ነው። ዘጠኝ አይጥ! አያቶቻችን በቃል ያቆዩትን መድኃኒት ዛሬ በቁጥር ለማስመስከር የነዚህን ዘመዶች ደም እንጠይቃለን። ቅጠሉን ማን እንደለቀመ፣ ለምን በሽታ እንደሰጠ፣ ምን ያህል እንደመጠነ የጻፈ ደብተር ግን ከብዙዎቹ አዋቂዎች ጋር አብሮ ተቀብሯል። የላትሮፕን ነገር ሳነብ ከሁሉ የቆጨኝ ይሄ ነው።

የእሷ ደብተሮች ዛሬ ጃክሰን ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስሟን ግን ከሙያው ውጭ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በየዓመቱ በሚታተሙ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ጥናቶች ውስጥ «ሲ57» የሚለው ምልክት ይገባል፤ 57 የአይጧ ቁጥር ነው። አይጧ በቁጥሯ ትታወሳለች። እሷን አጃ ያበላቻት፣ ሣጥኗን ያስጠረገችላት፣ እብጠት አይታ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብላ የጠየቀችው ሴት በዚያ ስያሜ ውስጥ አንድ ፊደል እንኳ የላትም።