የባሕር ማዶ ዘማቾችና የሕንድ ቴምብር

ከሕንድ ጦር የባሕር ማዶ ዘመቻዎች ጋር ስማቸው የተያያዘው ቀደምት ቴምብሮች ወታደሩን ለማክበር ታስበው የታተሙ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1900 ወደ ቻይና ለዘመተው ጦር «ሲ. ኢ. ኤፍ.»፣ በ1914 ደግሞ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ምሥራቅ አፍሪካና ወደ ሜሶፖታሚያ (የዛሬዋ ኢራቅ) ለዘመተው «አይ. ኢ. ኤፍ.»፣ ማለትም የሕንድ ዘማች ጦር፣ የሚሉ ፊደላት በመደበኛው የሕንድ ቴምብር ላይ በጥቁር ቀለም ተደረቡ። ይህ አሠራር ተደራቢ ኅትመት የሚባል ሲሆን፣ ቴምብሮቹም በመስክ ፖስታ ቤቶች፣ ይኸውም ከጦሩ ጋር እየተጓዙ የወታደሩን ደብዳቤ በሚቀበሉና በሚያደርሱ ጊዜያዊ ጣቢያዎች፣ አገልግሎት ላይ ይውሉ ነበር። በ1914ቱ ቴምብር ላይ የሚታየው መልክ የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ነው፤ ከሚሊዮን በላይ ሕንዳውያን ባሕር ተሻግረው በተሰለፉበት በዚያ ጦርነት የዘማቹ ድርሻ በንጉሡ ምስል ላይ ያረፉት ሦስት ፊደላት ብቻ ነበሩ።

በ1931 ኒው ዴልሂ በዋና ከተማነት ስትመረቅ ከወጡት ቴምብሮች አንዱ፣ የግማሽ አናው፣ ዛሬ የሕንድ በር የሚባለውን የጦርነት መታሰቢያ ቅስት አሳየ። ሐውልቱ ወደ 70,000 ለሚጠጉ የሕንድ ጦር ሙታን የቆመ በመሆኑ፣ ቴምብሩ ለከተማይቱ ምርቃት ቢወጣም ለዘማቾቹም መታሰቢያ ሆኗል።

ከነጻነት በኋላ ተደራቢው ኅትመት ቋንቋውንም ዓላማውንም ለወጠ። በ1953 የኮሪያ ጦርነት በተኩስ አቁም ሲገታ፣ ወደ አገራቸው መመለስን እምቢ ያሉ ከ22,000 በላይ ምርኮኞችን እንዲጠብቅ ለተላከው የሕንድ ጦር የተዘጋጁት ቴምብሮች፣ የጥንት ቤተ መቅደሶችና ቅርጻ ቅርጾች በሚታዩባቸው ሥዕሎች ላይ የጦሩን ስም በሂንዲ ፊደል የያዙ ነበሩ። ንጉሥ የለም፣ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃልም የለም፤ ወታደሩ በገዛ አገሩ ጽሕፈት መጠራቱ ቀላል ለውጥ አይደለም። በ1962 ለኮንጎ፣ በ1965 ለጋዛ የተባበሩት መንግሥታት ኃይል ተደራቢ ኅትመት ያለባቸው ቴምብሮች ወጡ፣ ጽሑፋቸው ግን ዳግም በእንግሊዝኛ ነበር፤ በኮንጎ የኢትዮጵያ ወታደሮችም እንደዘመቱ ይታወሳል።

ለወታደሩ በስሙና በመልኩ ክብር የሰጡት ግን አንዳንድ ጊዜ ሌሎች አገሮች ነበሩ። በኮሪያ የምርኮኞቹን ጉዳይ የመራው ገለልተኛ ኮሚሽን ሰብሳቢ የነበሩት ጄኔራል ቲማያ፣ በቆጵሮስ የሰላም አስከባሪውን ጦር ሲያዝዙ በ1965 በማረፋቸው፣ ቆጵሮስ በማግሥቱ ዓመት መታሰቢያ ቴምብር አወጣችላቸው። ብሪታንያም በ2015 የኔፓል ተወላጁንና የሕንድ ጦር ባልደረባውን የጉርካ ወታደር ኩልቢር ታፓን በቴምብር አሰበች። ታፓ በመስከረም 1915 በፈረንሳይ ግንባር እርሱ ራሱ ቆስሎ ሳለ፣ ከጀርመን ምሽግ ጀርባ የወደቀ አንድ እንግሊዛዊ ቁስለኛ አግኝቶ ቀኑንና ሌሊቱን አብሮት ቆየ፤ በማለዳው ጉም ተሸሽጎ በሽቦው መካከል ካወጣው በኋላ ሁለት ቁስለኛ ጉርካዎችን አንድ በአንድ አመጣ፤ በመጨረሻም በጠራራ ፀሐይ፣ ተኩስ እየወረደበት፣ እንግሊዛዊውን ተሸክሞ ተመለሰ። ለዚህም የብሪታንያን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን የቪክቶሪያ መስቀልን ተሸለመ። ሕንድ ራሷ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ ልጆቿን በሰፊ የቴምብር ስብስብ ያሰበችው በ2019 ነው፤ ያም ጦርነቱ ካበቃ ከመቶ ዓመት በኋላ መሆኑ እጅግ የዘገየ ክብር ያደርገዋል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። በ1941 ፋሺስት ጣሊያንን ከምሥራቅ አፍሪካ ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት አራተኛውና አምስተኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች በከረን ከባድ መሥዋዕትነት ከፍለዋል። የመሐንዲስ ጦር ባልደረባው ምክትል መቶ አለቃ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት መተማ ከተያዘች በኋላ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ለአራት ቀናት ከጦሩ ፊት እየቀደመ አሥራ አምስት የፈንጂ ወረዳዎችን አስጠርጓል፤ ተሽከርካሪው ሁለት ጊዜ በፈንጂ ሲመታ፣ የጆሮው ታምቡርም ሲቀደድ፣ ተተኪ እንዲመጣለት አልፈቀደም። እርሱም የቪክቶሪያ መስቀል ተሸላሚ ነው። ቆጵሮስ ለቲማያ ያደረገችውን ኢትዮጵያም በመተማ መንገድና በከረን ተራራ ለተዋጉት ሕንዳውያን በአንድ ቴምብር ብታደርገው፣ የተገባ ውለታ መመለስ ይሆናል።