በጎማ ላይ የሚሄደው ቧንቧ፦ ነዳጅ፣ የአደጋ ዝግጅትና የወለጋ ከተሞች



የዛሬው ንግግሬ በወለጋ ምድር ስለሌለ ነገር መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነዳጅ የሚያሻግር ቧንቧ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ አላለፈም። ሆኖም ቧንቧ ይሸከመው የነበረው ነገር በቦቴ መኪና ተጭኖ በመካከላችን ያልፋል። ላሳያችሁ የምሻው ይህን ነው፦ የነዳጅ ሕጋችን ትኩረት አቅርቦትና ግብይት ነው፤ የአደጋ ተቋማችን ደግሞ የተወለደው ከረኀብ ነው። የመንገድ ዳር ነዋሪው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ቀርቷል።

በመጀመሪያ ነዳጁ ለምን በጎማ እንደሚሄድ እንመልከት። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀምሮ በ1997 ቆመ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የገቢ ነዳጃችን ዋና በር ጅቡቲ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያና ጅቡቲ ከደመርጆግ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የነዳጅ ቧንቧ ለመዘርጋት ተስማሙ። በ2019 ደግሞ የኦጋዴንን ጋዝ ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ስለሚወስድ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ሌላ ስምምነት ተፈረመ። ሁለቱም በወረቀት ላይ ቀሩ። በመሆኑም ነቀምቴ የሚደርሰው ቤንዚን የጅቡቲን መንገድ ጨርሶ ከአዲስ አበባ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ አድርጎ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መንገዱ በየከተማው መካከል፣ በገበያው፣ በትምህርት ቤቱና በመናኸሪያው አጠገብ ያልፋል።

ወለጋ ግን ተቀባይ ብቻ አይደለም፤ ላኪም ነው። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሚገኘው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኢታኖል ያመርታል። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ከ5 በመቶ ኢታኖል ጋር ተቀላቅሎ መሸጥ ሲጀምር፣ ኢታኖሉ የመጣው ከፊንጫ ነበር። ይህ ፈሳሽ የራሱ ጠባይ አለው። ነበልባሉ በቀን ብርሃን በጭንቅ ይታያል። ከውኃ ጋር ስለሚዋሐድ የቤንዚንን እሳት የሚያፍነው ተራ አረፋ በላዩ ይፈርሳል፤ አልኮልን የሚቋቋም ልዩ አረፋ ያስፈልገዋል። የተገለበጠው ቦቴ ምን እንደጫነ የማያውቅ እሳት አጥፊ የያዘው አረፋ ባዶ ሊቀርበት ይችላል።

ወደ ተቋማት ታሪክ ልለፍ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. የተመሠረተው ከወሎ ረኀብ በኋላ ነው። ወለጋ ይህን ተቋም በሚገባ ያውቀዋል፤ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎና ከትግራይ የመጡ ሰዎች በአንገር ጉቲንና በአሶሳ ሲሠፍሩ አይቷልና። በ1986 ዓ.ም. ብሔራዊ የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ወጣ፤ ኮሚሽኑም ቆይቶ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ተባለ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ የአደጋን ትርጉም አሰፋ። የተቋሙ ልማድና ልምድ ግን የተቀረጸው በድርቅ ነው። ድርቅ በወራት የሚደርስ፣ ዝናቡና አዝመራው አስቀድመው የሚናገሩለት መከራ ነው። የነዳጅ እሳት ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ለእህል መጋዘን የተሰናዳ አሠራር ለእርሱ አይደርስም።

በነዳጁ በኩል የወጡት አዋጅ ቁጥር 838/2006 እና በቅርቡ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1363/2017 ናቸው። የሁለቱም ዐይን በዋነኛነት ያረፈው በፈቃድ፣ በሥርጭትና በሕገ ወጥ ሽያጭ ላይ ነው። ከማደያ ውጭ ነዳጅ በጀሪካን መሸጥ ተከልክሏል፤ ክልከላውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ማደያው በደረቀ ጊዜ ቤንዚን በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ እየተቀዳ ወደ ጥቁር ገበያ፣ ከዚያም ወደ መኖሪያ ቤት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ሕጉ ሻጩን ይቀጣል፤ ከጎኑ የምትኖረው እናት እሳት ቢነሣ ወዴት እንደምትሸሽ ግን የሚነግራት የለም።

ቧንቧ ያላቸው አገሮች ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ገዝተውታል። በናይጄሪያ ጄሴ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 ከተቀደደ ቧንቧ ቤንዚን ሲቀዱ የነበሩ ከ1,000 በላይ ሰዎች በእሳት አለቁ። በናይሮቢ ሲናይ በተባለው የድሆች ሠፈር እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2011 ከቧንቧ የፈሰሰ ቤንዚን በቦይ ወርዶ 100 ገደማ ሰው ገደለ። በአሜሪካ ቤሊንግሃም ከተማ በ1999 ሦስት ሰዎች ከሞቱ በኋላ የ2002 ሕግ ወጣ፤ ሕጉ የቧንቧ ባለቤቶች በመስመሩ አጠገብ ለሚኖረው ሕዝብ ስለ አደጋው እንዲያስተምሩ ያስገድዳል። ብረቱን መመርመር ብቻውን በቂ አለመሆኑን የተረዱት ከሞት በኋላ ነው። ቧንቧ ባይኖርም የኬንያ ሳቻንግዋን አለ፦ በጥር 2009 እ.ኤ.አ. ከተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ለመቅዳት የተሰበሰቡ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በጄሴም በሳቻንግዋንም ሰውን ወደ እሳቱ የሳበው ድህነት ነው፤ ያ ድህነት ለእኛም እንግዳ አይደለም።

እነዚህን ወደ ከተማችን እናምጣቸው። በሰሜን አሜሪካ የአደጋ ምላሽ ሰጪዎች መመሪያ መሠረት ነዳጅ የጫነ ቦቴ እሳት ከያዘው በዙሪያው 800 ሜትር ከሰው ነጻ መደረግ አለበት። ነቀምቴ መሐል ካለ አንድ ማደያ ተነሥታችሁ 800 ሜትር በሁሉም አቅጣጫ ለኩ፤ ስንት ቤት፣ ስንት ሱቅ፣ ስንት የመማሪያ ክፍል እንደሚገባ ቁጠሩ። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት እየሄደ ቁልቁል ይወርዳል። በተዳፋት ላይ በተቆረቆረች ከተማ ከላይ የፈሰሰው በክፍት ቦዩ ወርዶ ከታች ባለ ምድጃ ሊቀጣጠል ይችላል።

በአገር ደኅንነት እጦትና በኑሮ ውድነት ለተጨነቀ ሕዝብ ይህ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ሐሳቡን አልንቀውም። ነገር ግን የምጠይቀው ገና ከመነሻው ቧንቧ የሚያህል ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በእያንዳንዱ ቦቴ ላይ የጭነቱ መለያ ቁጥር በጉልህ ይጻፍ፤ ለቤንዚን 1203፣ ለናፍጣ 1202፣ ለኢታኖል 1170 ነው። ከባኮ እስከ ደምቢ ዶሎ ያሉ የትራፊክ ፖሊሶችና የጤና ሠራተኞች እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ይወቁ። በየከተማው በእሳት ጊዜ የሚያዝዘው ሰው በስም ይታወቅ። «የፈሰሰ ነዳጅ አይቀዳም» የሚለው ትምህርት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በትምህርት ቤት ይነገር።

ከእናንተ ከተማሪዎቼ የምጠብቀውም ሥራ አለ። የምህንድስና ተማሪዎች የከተማችንን ቦዮችና ማደያዎች በአንድ ካርታ ላይ አሳዩን። የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ በወለጋ ከተሞች የደረሱትን የእሳት ቃጠሎዎች ከማዘጋጃ ቤት መዝገብና ከአዛውንት ቃል ሰብስቡ፤ የት ተነሣ፣ በየት ወረደ፣ ማን ደረሰለት ብላችሁ ጠይቁ። ካርታውና መዝገቡ ሲደራረቡ ከንቲባው ፊት የምናቀርበው የመጀመሪያው የአደጋ ዝግጅት ሰነድ ይኖረናል። ሥራውን በዚህ ሴሚስተር እንጀምረው።