አምስት ለአራት በዳላስ

እናንተ የዳላስና የፎርት ወርዝ ሰዎች፣ በሴንትራል ኤክስፕረስዌይ ስትነዱ፣ ሞኪንግበርድ መውጫ አካባቢ በስተምዕራብ የሚታየውን የቀይ ጡብ ግቢ ታውቁታላችሁ። ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሰው ሁሉ ኤስኤምዩ የሚለው። እዚያ ግቢ ውስጥ ሙዲ ኮሊሲየም የሚባል የቅርጫት ኳስ አዳራሽ አለ። ዛሬ የምተርክላችሁ አንድ እሑድ እዚያ ውስጥ የሆነውን ነው። ቀኑ ግንቦት 6 ቀን 1964 ዓ.ም.፤ በፈረንጆቹ ሜይ 14 ቀን 1972።

የቅርጫት ኳሱ ቤት ያን ዕለት የቴኒስ ሜዳ ሆኗል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ መረብ ተወጥሯል። ለአሸናፊው የተዘጋጀው 50,000 ዶላር ነው። በዚያው ዓመት በለንደን ዊምብልደን ያሸነፈ ሰው የተቀበለው 5,000 ፓውንድ ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 13,000 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። እንግዲህ በዓለም የተከበረው፣ ነጭ ልብስ ካልለበሱ የማይገቡበት ዊምብልደን 13,000 ሲከፍል፣ ላምና ነዳጅ በሚነግዱበት አገር ያለ የኮሌጅ አዳራሽ 50,000 ከፈለ። ይህ እንዴት ሆነ?

ነገሩ የሚጀምረው ከነዳጅ ነው። ኤች ኤል ሀንት የሚባል የዳላስ ባለሀብት ነበረ፤ በነዳጅ ጉድጓድ የከበረ፣ በዘመኑ ከዓለም ቱጃሮች ተርታ የሚቆጠር። ከልጆቹ አንዱ ላማር ሀንት ይባላል። ላማር እዚያው ኤስኤምዩ የተማረ፣ በኮሌጁ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያሳለፈ ልጅ ነበር። ሲያድግ ግን ወንበሩን ትቶ ቤቱን ራሱ መሥራት ጀመረ። የቆየው የእግር ኳስ ሊግ ቡድን አልሸጥልህም ቢለው ከመሰሎቹ ጋር ሆኖ ሌላ ሊግ አቋቋመ። ዛሬ አሜሪካ ሥራ ፈቶ የሚያየውን የፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦውል ብሎ የሰየመውም እሱ ነው።

ይህ ሰው በ1967 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ፊቱን ወደ ቴኒስ አዞረ። ዎርልድ ቻምፒየንሺፕ ቴኒስ፣ በአጭሩ ደብሊውሲቲ፣ በሚባለው አዲስ ድርጅት ውስጥ ገንዘቡን አፈሰሰ። መጀመሪያ ስምንት ተጫዋቾች ፈረሙ፤ ባለ ቀለም ልብስ ለብሰው በየከተማው ተጫወቱ። ወግ አጥባቂዎቹ ሳቁ። ሀንት ግን አልተነቃነቀም። ቆይቶ ሠላሳ ሁለት ተጫዋቾች በዓለም ዙሪያ ዓመቱን ሙሉ ነጥብ እየሰበሰቡ፣ የበለጡት ስምንቱ ለፍጻሜ የሚገናኙበትን ሥርዓት ዘረጋ። የፍጻሜው ከተማ ዳላስ ሆነች።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዎች እንምጣ። ሁለቱም አውስትራሊያውያን ናቸው።

አንደኛው ሮድ ሌቨር ነው፤ ዕድሜው 33፣ ግራኝ፣ ክንዱ የብረት አንጥረኛ ክንድ የሚመስል፣ ቀይ ጸጉራም። አራቱን ታላላቅ ውድድሮች፣ ማለትም የአውስትራሊያን፣ የፈረንሳይን፣ ዊምብልደንንና የአሜሪካን፣ በአንድ ዓመት ጠቅልሎ ወስዷል፤ ግራንድ ስላም ይሉታል። ያውም ሁለት ጊዜ፤ በ1962 እና በ1969። በሽልማት ገንዘብ አንድ ሚሊዮን ዶላር በማለፍ የመጀመሪያው የቴኒስ ተጫዋችም እሱ ነው።

ሁለተኛው ኬን ሮዝዎል ነው። ዕድሜው 37። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ፣ ሰውነቱ ቀጭን። ከቅጥነቱ የተነሳ ጓደኞቹ ለማፌዝ «ጡንቸኛው» ይሉት ነበር። የሲድኒ ባለ ሱቅ ልጅ ነው። ሲፈጠር ግራኝ ነበር፤ አባቱ ግን በቀኝ እጁ እንዲጫወት አድርጎ አሳደገው። ሰርቩ ለስላሳ ነው፤ ኳሷን ለማስጀመር ያህል የሚልካት እንጂ ነጥብ የሚዘርፍባት አይደለችም። ነገር ግን እግዜር አንድ ነገር ሰጥቶታል፤ ባክሃንድ። ኳሷ ወደ ግራ ጎኑ ስትመጣ በእጁ ጀርባ በኩል ጠምዝዞ የሚመልሳት አመላለስ። ዝቅ ብላ፣ መረቡን ታክካ ልትነካ ምንም ሳይቀራት፣ ሄዳ መስመሩ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። እንደ ሌቨር ያለ ጉልበተኛ እንኳ የሚፈራት ይህችን ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ለምን እንደ ሌቨር አልገነነም? ልብ በሉ፤ የታሪኩ ቁስል እዚህ ጋ ነው።

ሮዝዎል 22 ዓመት ሳይሞላው ከታላላቆቹ ውድድሮች አራት ዋንጫ ወስዷል። በ1956 መጨረሻ ግን ጃክ ክሬመር የሚባል የፕሮፌሽናል ቴኒስ አዘጋጅ ገንዘብ አቀረበለት፤ ፈረመ። የዚያን ዘመን ሕግ ደግሞ ግልጽ ነበር፤ በሙያው እንጀራ የሚበላ ተጫዋች ታላላቆቹ ሜዳዎች ላይ አይቆምም። ክፍያ የማይቀበል አማተር ብቻ ነው የሚገባው። አማተሮቹ ከጠረጴዛ ሥር ፖስታ ይቀበሉ እንደነበር ያልሰማ አልነበረም። የፊት ለፊቱ ገንዘብ ግን ነውር ሆነ።

በሩ እስከ 1968 ተዘግቶ ቆየ። በዓመት አራት ውድድር፣ በ11 ዓመት 44። የአንድ ስፖርተኛ ምርጥ ዕድሜ፣ ከ22 እስከ 33፣ ከበር ውጭ አለቀ። በዚያ ጊዜ ሮዝዎል ምን ያደርግ ነበር? ከከተማ ከተማ በመኪና እየተጓዘ፣ በየትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም፣ የበረዶ መንሸራተቻ ላይ ሸራ ተነጥፎ በተሠራ ሜዳ፣ ጥቂት መቶ ሰዎች ፊት ይጫወት ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ፓንቾ ጎንዛሌስ ከሚባል ግዙፍ አሜሪካዊ ጋር በየከተማው እየዞረ ገጠመ፤ 50 ለ26 ተሸነፈ። አልተመለሰም። ዓመታት አለፉና የዚያ የዘላኖች ሠፈር ንጉሥ ሆነ። ሌቨር በ1963 መጀመሪያ የአራት ዋንጫ ዝናውን ተሸክሞ ወደ ፕሮፌሽናሎቹ ሲቀላቀል፣ ማን ምን እንደሆነ መጀመሪያ ካሳዩት አንዱ ሮዝዎል ነበር።

«የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» ይላል የኛ ሰው። በ1968 በሩ ተከፈተ። ለሁሉም ክፍት የሆነው የመጀመሪያው ውድድር እንግሊዝ ቦርንመዝ ላይ ተካሄደ፤ አሸናፊ ሮዝዎል፣ ተሸናፊ ሌቨር። ቀጥሎ ፓሪስ በተማሪና በሠራተኛ አድማ ስትታመስ የፈረንሳይ ውድድር ተካሄደ፤ አሁንም አሸናፊ ሮዝዎል፣ ተሸናፊ ሌቨር። ደብሊውሲቲ የመጀመሪያውን የዳላስ ፍጻሜ ኅዳር 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ሲያደርግም እንዲሁ ሆነ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በዚያው በ1964 ዓ.ም.፣ እነሆ ግንቦት ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተፋጠጡ። በመካከሉ ሮዝዎል በ37 ዓመቱ የአውስትራሊያን ዋንጫ አንስቷል።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። የዓለም ቴኒስ ፌዴሬሽንና የሀንት ድርጅት በዚያ ዓመት ተጣልተው ነበር። ስለዚህ የሀንት ተጫዋቾች በ1972 ዊምብልደን እንዳይጫወቱ ታግደዋል። በሩ ለሮዝዎል ዳግመኛ ተዘጋ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ያጣት ዊምብልደን ዘንድሮም አትኖርም። የቀረችው ዳላስ ናት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ካሜራ ተተክሏል፤ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው በየቤቱ እንዳየው ይነገራል። ጨዋታው ተጀመረ።

የመጀመሪያውን ዙር ሌቨር 6 ለ4 ወሰደ። ብዙ ሰው «በቃ፣ ዕድሜ ነው» ሳይል አልቀረም። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? 6 ለ0! የሁለት ግራንድ ስላም ጌታ አንዲት ጌም እንኳ አላገኘም። ሦስተኛውን ሮዝዎል 6 ለ3 ደገመ። አራተኛው 6 ለ6 ደረሰና ታይብሬክ ሆነ፤ ሌቨር ወሰደው። ሁለት ለሁለት። አምስተኛው ዙር ቀጠለ። አንዱ ሲያመልጥ ሌላው እየደረሰበት፣ ሌላው ሲያመልጥ አንዱ እየያዘው፣ ይኸውም 6 ለ6 ሆነ። ሦስት ሰዓት ከግማሽ ያህል የተጫወቱበት፣ በየከተማው ወራት የለፉበት፣ 50,000 ዶላሩም ጭምር ጥቂት ነጥቦች ላይ ተንጠለጠለ።

ታይብሬክ ያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር። ጂሚ ቫን አለን የሚባል የኒውፖርት ሰው ነው ሐሳቡን ያመጣው፤ ጨዋታ ማለቂያ እያጣ ስላሰለቸው። ሰባት ነጥብ ቀድሞ የደረሰ፣ በሁለት ከበለጠ፣ ዙሩ የሱ ነው። ዳርት የሚወረውሩ ሰዎች ይህን ጭንቀት ያውቁታል። ዳርት ተጫዋች ከ501 ጀምሮ ወደ ታች ይቆጥራል፤ አምስት መቶውን ምንም ያህል በፍጥነት ቢያወርደው፣ የመጨረሻዋ ፍላጻ በሰሌዳው ጠርዝ ባለችው የጣት ስፋት በማትሞላ የእጥፍ ቀለበት ወይም በሰሌዳው እምብርት ባለችው ትንሽ ክብ ውስጥ ካልተሰካች ምንም አላደረገም። ብዙ የሰበሰበ ሳይሆን መጨረሻውን የዘጋ ነው የሚያሸንፈው።

ታይብሬኩ ቀጠለ። ሌቨር አምስት፣ ሮዝዎል አራት። ተከታዮቹን ሁለት ኳሶች ሰርቭ የሚያደርገው ሌቨር ነው። ሁለቱን ካገባ አለቀ፤ ሻምፒዮን ነው። በዓለም ላይ ያን ሰዓት እነዚህን ሁለት ኳሶች አደራ የሚሰጠው ሰው ምረጡ ብትባሉ፣ ከሌቨር የተሻለ ባላገኛችሁ ነበር።

ሌቨር ሰርቭ አደረገ፤ ወደ ባክሃንድ። ሮዝዎል መለሰ። ኳሷ ሌቨርን አልፋው ሄደች። አምስት ለአምስት።

ሌቨር ድጋሚ ሰርቭ አደረገ፤ አሁንም ወደ ባክሃንድ። ሮዝዎል ድጋሚ መለሰ። አሁንም አልፋው ሄደች። ስድስት ለአምስት፤ ሮዝዎል።

አዳራሹ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ ጩኸት ነው። አሁን ሰርቩ የሮዝዎል ነው፤ ያ ሰው ሁሉ የሚንቀው ለስላሳ ሰርቭ። ላከው። ሌቨር መመለስ አቃተው። ሰባት ለአምስት። 4-6፣ 6-0፣ 6-3፣ 6-7፣ 7-6። ኬን ሮዝዎል፣ የዳላስ ሻምፒዮን፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

በዚያው በ1964 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን፣ ጳጉሜን 5፣ የእኛው ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ማራቶን ሮጦ ሦስተኛ ወጥቷል። ዓመቱ የሽማግሌዎች ዓመት ነበር ብል አልዋሸሁም። በማግስቱ አገር ቤት እንቁጣጣሽ ነው።

ከዚያስ? ሮዝዎል ዊምብልደንን አሸነፈ? አላሸነፈም። በ1974፣ በ39 ዓመቱ፣ ለአራተኛ ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰና ጂሚ ኮነርስ የሚባል የ21 ዓመት ጎረምሳ ጠራርጎ አሸነፈው። የተወሰደበት 11 ዓመት አልተመለሰለትም፤ ዳላስም ካሳ አልሆነችውም። እኔ ግን የማደንቀው ሌላ ነገር ነው። ግንቦት 6 ቀን የመለሳቸው እነዚያ ሁለት ኳሶች የዕድል አይደሉም። በየጂምናዚየሙ፣ በየሸራው ሜዳ፣ ተመልካች በሌለበት የታሹ ናቸው። ሕጉ ከበር ውጭ ሲያቆመው እጁን አላስደረቀም። ከእናንተ መካከል ከአገር ቤት ይዞት የመጣው ሙያ እዚህ በወረቀት ምክንያት አልታወቅልህ ያለው ሰው ካለ፣ ይህን ከኔ በላይ ያውቀዋል።

ሀንትም ሊረሳ አይገባውም። ልቡ ነጋዴ ነው፤ ጽድቅ ፍለጋ አልነበረም የመጣው። ነገር ግን ባለሙያ በሙያው ይከፈለው ብሎ ያቆመው መድረክ እስከ 1989 እ.ኤ.አ. በዳላስ ዘለቀ። አርተር አሽ በ1975 ቢዮን ቦርግን ያሸነፈው እዚህ ነው፤ ጆን ማኬንሮም አምስት ጊዜ ነግሦበታል። ሀንት በ1993 የቴኒስ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ፤ በ2006 ዳላስ ውስጥ አረፈ።

ቴኒሱ ግን ወደ ከተማዋ ተመልሷል። ዳላስ ኦፕን የሚባለው ውድድር በ2022 እዚያው ኤስኤምዩ ግቢ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሁለት ግዙፎች ተገናኙ፤ ራይሊ ኦፔልካና ጆን ኢስነር፣ ሁለቱም ከሁለት ሜትር በላይ። ሰርቭ ለሰርቭ ሲደባደቡ አንዱ ታይብሬክ 24 ለ22 አለቀ፤ 46 ነጥብ፣ በኤቲፒ፣ ማለትም በወንዶች የፕሮፌሽናል ቴኒስ ማኅበር፣ ውድድር እስከዚያ ያልታየ ርዝመት። ኦፔልካ አሸነፈ፤ ዋንጫውንም ወሰደ። የሮዝዎል ታይብሬክ 12 ነጥብ ብቻ ነበር።

ውድድሩ ዛሬ ፍሪስኮ ውስጥ በፎርድ ሴንተር በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ወር ይደረጋል። ትኬት አግኝታችሁ ከገባችሁ፣ ታይብሬክ ደርሶ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሰርቭ በሚያደርገው ላይ ሲተክል፣ እናንተ ወዲያ ማዶ ጎንበስ ብሎ የሚጠብቀውን ሰው እዩ። አንዳንዴ ሻምፒዮኑ እሱ ነው።